የአሥራ አንዱ ወይራ መሐላ

ታልሜ አሼር፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1995

እትዬ ፍሬሃ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ካስቀደምኩ ግን እንደ ሁልጊዜው ሰላምታው ወረቀቱን ይፈጅብኝና ነገሩ ሆዴ ውስጥ ያድራል። የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኦሪት ላይ እጄን ጭኜ በሐሰት ምያለሁ። ዘሃራ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን ሳታውቅ አለፈች።

አሁን ወጉን ላድርስ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? በሞጋዶር ባሕር ዳር የተኙትን አባቶቻችንን የሚጠብቅ አምላክ አንቺንም በካዛብላንካ ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ማለዳ ምኩራቡን የምከፍተው አሁንም እኔ ነኝ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ወጥ መሥራትም ተምሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞጋዶር መጥተን፣ ከመርከብ ወርደን እዚህ እስራኤል የእርሻ መንደር ከሰፈርን ሦስት ዓመታችን ነበር። የደረሰኝ ማሳ ከድንበሩ ዳር ነው። ከማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር፣ ዴይር ሹቤል የሚባል የዐረቦች መንደር አለ፤ ያን ጊዜ በዮርዳኖስ ንጉሥ እጅ ነበር። መስመሩን የሚያሳዩት ነጭ የተቀቡ በርሜሎች ናቸው። በ1958 ክረምት ጎርፍ መጣና ከኔ ማሳ አጠገብ ያለውን በርሜል ጠርጎ ወሰደው። ሦስት መኮንኖች መጡ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ፣ ሦስተኛው ከተባበሩት መንግሥታት የተላከ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ። በርሜሉ የት እንደነበር ጠየቁኝ። እኔም ከነበረበት አርባ እርምጃ ወደ ማዶ አሳልፌ አሳየኋቸው። በአርባው እርምጃ ውስጥ አሥራ አንድ የወይራ ዛፎች ነበሩ። የዴይር ሹቤሉ የሐጅ ዙህዲ ዛፎች ናቸው።

ሐጅ ዙህዲ አልጮኸም። በነሱ ወግ ምስክር የሌለው ባለጉዳይ ባላጋራውን ያስምላል፤ ባላጋራው ከማለ ነገሩ እዚያው ይሞታል፣ ዳግመኛ አይነሣም። «በመጽሐፉ ይማልና ይውሰድ» አለ። የሞጋዶርን ዐረብኛ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝና አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከምኩራብ መጽሐፉን አምጥቼ ማልኩ።

ማሳዬ ድንጋይ ብቻ ነበር፣ ዘሃራም ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን ለምክንያት አልጻፍኩትም፤ ድህነቱማ ሐጅ ዙህዲም ቤት ነበር። እሱ በ1981 ሞተ። እኔ እስከ ዛሬ ወይራውን እለቅማለሁ። በየዓመቱ ምኩራብ ውስጥ ድንበር ገፊን የሚረግመው ምንባብ ሲደርስ ውሃ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ። ሰው ሁሉ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው ይለኛል።

ይህን አሁን የቀሰቀሰብኝ የእርቁ ንግግር ነው። የኛና የፍልስጤማውያን ሹማምንት በጋራ የካርታ ኮሚቴ አቁመው፣ የድሮው መስመር የት ላይ እንደነበር ከመንደር መንደር እየዞሩ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። በበጋ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ አሉ። የምለምንሽ፣ ሞጋዶር በወረድሽ ጊዜ በቅዱሱ ረቢ መቃብር ላይ ስለኔ ሻማ እንድታበሪልኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ በማርሴይ በኩል አላዞርኩትም። የናንተና የኛ መንግሥት አንዱ በሌላው አገር ቢሮ ስለከፈተ በቀጥታ ይሄዳል ብለውኛል። እንይ።

ያጎትሽ ልጅ ሚሙን ኦሃና


ካዛብላንካ፣ ማርች 12 ቀን 1995

ያጎቴ ልጅ ሚሙን፣

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ደጅህን አይዝጋው፣ ምላስህን ደግሞ ከእንግዲህ ይያዝልህ። ደብዳቤህ በአሥራ ስድስት ቀን ደረሰኝ። በማርሴይ ሲዞር ሁለት ወር ይፈጅ ነበር፤ እዚያ ያለው የአክስታችን ልጅም ከፍቶ አንብቦ፣ አስተያየቱን ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ጽፎ ነበር የሚልክልኝ። ይሄኛውን አላገኘውም፣ ተመስገን።

ሰላምታህን መሐል ላይ ስለሸጎጥከው ይቅር ብዬሃለሁ። ሌላውን ይቅር ማለት የኔ ሥራ አይደለም።

እኔ አሁንም በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃ ነኝ፤ ጡረታ ውጪ ቢሉኝ አልሰማ ብያለሁ። በቀደም ስለ ውሃ የሚደራደሩ ልዑካን አርፈውብን ነበር፤ ከናንተም፣ ከፍልስጤሞቹም። አስተናጋጁ እንደነገረኝ ሁለቱም ወገን ዓሣ ያዝዛሉ፣ ከዚያ ማን አስቀድሞ አዘዘ በሚለው ይከራከራሉ። ወረቀት ሲያልቅባቸው የጠረጴዛው ልብስ ላይ ካርታ ይስላሉ። ያንን ቀለም በሎሚና በጨው የማስለቅቀው እኔ ነኝ። እስካሁን ሁለት ወንዝና አንድ ሙሉ ድንበር አጥቤ አጥፍቻለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር። ቢሆንም ደስ ይለኛል። የተኳረፈ ሰው የጠረጴዛ ልብስ አያቆሽሽም።

ሻማውን አላበራልህም። ቅዱሱ ፖስተኛ አይደለም፤ የሌላ ሰው የሆነውን እሱ ዘንድ አትጣል። ይልቅ ሽማግሌውን የምኩራባችንን መሪ ሄጄ ጠየቅሁልህ። ስምህን አላነሣሁም። «አንድ ሞኝ ዘመድ አለኝ» ብቻ ነው ያልኩት። «ሚሙን ደግሞ ምን አደረገ?» አለኝ።

ፍርዱ ይኸውልህ። አምላክን የበደልከውን የስርየት ቀን ጾም ያነጻዋል። ሰውን የበደልከውን ግን ያ ሰው ካልለቀቀህ ጾሙ አይነካውም። አስቀድመህ የወሰድከውን ትመልሳለህ። ሰውዬው ከሞተ ደግሞ አሥር ሰዎች ይዘህ መቃብሩ ላይ ትቆምና እነሱ እየሰሙ በደልህን ትናገራለህ። «ሟቹ እስላም ቢሆንስ?» ብዬ ብጠይቀው መነጽሩን አውልቆ «መቃብር አይደለም ወይ?» አለኝ።

ይኸው ነው። ጻፍልኝ።

ፍሬሃ


ታልሜ አሼር፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1995

ለማከብርሽ እትዬ ፍሬሃ፣

የፋሲካው በረከት ቤትሽ ይግባ፤ ለከርሞም በደኅና ያድርስሽ። እኛ በዓሉን በመልካም አሳለፍን። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ፋሲካው ሲወጣ በሮቻችንን ከፍተን፣ እንደ አገራችን ወግ ማርና ቅቤ አቀረብን። እናቴ ትሠራው የነበረውን የብርቱካን ልጣጭ ማርመላታ ሞክሬ ነበር፤ አረረብኝ። ስኳሩን መቼ ነው የምትጨምሪው? ጉልበትሽንስ ሐኪሙ ምን አለው? የሆቴሉ ሰዎችስ አሁንም በጠረጴዛ ልብስ ላይ ይስላሉ?

ስለዚያኛው ነገር አሥር ሰው ከየት አመጣለሁ? እዚህ ለማለዳ ጸሎት እንኳ አሥር የምንሞላው ፕሮስፔር ቡዛግሎ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን በክንዱ እየጎተተ ነው። ፕሮስፔር የመንደራችን ሊቀ መንበር ነው። ከሰላም ንግግሩ ጋር ደግሞ እሳትና ጭድ ናቸው። ሬዲዮው ስለ ንግግሩ ማውራት ሲጀምር «ዛሬስ ምን አስረከብን?» ይልና ያጠፋዋል። እሱ ሊቀ መንበር በሆነበት መንደር አርባ እርምጃ እንመልስ ብዬ ልነሣ?

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ መስመሩ ተከፍቶ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ሲቻል፣ በመጀመሪያው የለቀማ ወቅት ሐጅ ዙህዲ በእግሩ መጣ። አንድ ጠርሙስ አዲስ ዘይት ይዟል። ከወይራዎቹ ሥር ተቀመጠ፣ ቅርንጫፎቹን አየ፣ «ደኅና ተይዘዋል» አለ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ሄደ። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ መጣ፤ ስለ መሐላው ግን አንድም ቀን አላነሣም። ዘሃራ ዘይቱን ለሰንበት መብራት ታደርገው ነበር። «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» ትለኝ ነበር። እኔም «ደግ ነው» እላለሁ።

ቢሰድበኝ ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

እስቲ ሽማግሌውን ጠይቂልኝ፦ ዘጠኝ ሰው አይበቃም ወይ? ወይስ በደብዳቤ ይሆን?

ሚሙን


ካዛብላንካ፣ ሜይ 18 ቀን 1995

ያጎቴ ልጅ፣ ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን።

ጠየቅኩልህ። ዘጠኝ አይበቃም። በደብዳቤም አይሆንም፤ «ደብዳቤ የሚጽፈው ዐይን ለዐይን መተያየት የፈራ ነው» ብሎሃል፤ እኔም እሱም ከልብ ሳቅን።

ስኳሩ የሚገባው ልጣጩ ሦስት ጊዜ ከተቀቀለና ምሬቱ ከወጣ በኋላ ነው። አንተ ምሬቱን ሳታወጣ ነው ስኳር የምታፈስበት።

ፍሬሃ


ካዛብላንካ፣ ጁላይ 30 ቀን 1995

ለሚሙን፣

ይኸው ሁለት ወር ተኩል ሆነ። የማርሴይ ጊዜ እንኳ ከዚህ ይፈጥን ነበር። ሞተህ ከሆነ ልጆችህ ያስታውቁኝና ኀዘን ልቀመጥልህ። ካልሞትክ ግን አሳፍረኸኛል። እዚህ ሆቴል ውስጥ አንዱ የሌላውን አገር ስም እንኳ መጥራት እምቢ ይሉ የነበሩ ሰዎች አብረው በአሳንሰር ሲወርዱ በዐይኔ እያየሁ፣ ያንተ ብዕር አንድ ባሕር መሻገር አቃተው?

አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ጻፍ ብቻ።

ፍሬሃ


ታልሜ አሼር፣ ኦገስት 22 ቀን 1995

እትዬ ፍሬሃ፣ እንደ እናት የማይሽ፣

አምላክ ፊቱን ያብራልሽ። አልሞትኩም። የምነግርሽ እስካገኝ ነበር ዝም ያልኩት።

የካርታ ሰዎቹ ትናንት መጡ። የኛ ወገን መለኪያ ያዥ እንደ ልጄ የምትሆን ሴት መኮንን ናት፤ የፍልስጤሞቹ ደግሞ ራማላ የሚኖር መሐንዲስ ነው። ሁለቱ ስድስት ወር አብረው ስለዞሩ እንደ እኅትና ወንድም ይነታረካሉ፤ እሷ የመለኪያውን መቆሚያ ዘንበል አደረግከው ትለዋለች፣ እሱ ዐይንሽ ነው የዘነበለው ይላታል። ከዛፍ ሥር አንድ ሐብሐብ ቆርሰው አብረው በሉ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠሩን። ከዴይር ሹቤል የመጣው የሐጅ ዙህዲ ልጅ ናኢፍ ነው፤ ግድግዳ ለሳኝ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ከኛ ደግሞ ፕሮስፔር ተቀምጧል።

መኮንኗ የ1958ቱ በርሜል የት ቆሞ እንደነበር ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ፕሮስፔር ቀደመኝ። «እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ? ሰውዬው በኦሪት ምሎበታል። አባቶቻቸውም ተቀብለውታል» አላት።

አየሽ፣ ፍሬሃ፣ ለገዛ ውሸቴ ጠበቃ ቆመልኝ። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ተነሣሁና በሐሰት ነው የማልኩት አልኩ። መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ ናኢፍ እንዲሰማው በዐረብኛ።

ከዚያ ሄጄ ቦታውን አሳየሁ። ሴትዮዋ በመለኪያዋ አየች፣ መሐንዲሱ ጻፈ፣ በሁለቱም ወገን ወረቀት ላይ ፈረምኩ። እስኪጸድቅ ድረስ ረቂቅ ነው ብለውናል። ይሁን፤ የኔ ቃል ግን ረቂቅ አይደለም።

ስንመለስ ፕሮስፔር «ሰው ስንት ዓመት ሲያረጅ ነው አገር መሸጥ የሚጀምረው?» አለኝ። «አልሸጥኩም፣ የሰረቅኩትን መለስኩ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ዛሬ ማለዳ ግን ምኩራብ ውስጥ ቁጥር ሲቆጥር እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ በጣቱ ነካኝና «ሰባት» አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ናኢፍ ነው። አንድ ቃል አልተናገረም። ቆቡን አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ወደ መንደሩ ሄደ።

ሚሙን


ካዛብላንካ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1995

ያጎቴ ልጅ ሚሙን፣ ክብሬ፣

መጪውን ዓመት በመልካም መጽሐፍ ይጻፍህ። ደብዳቤህን ለሽማግሌው አነበብኩለት። ፂሙን ይዞ «ግማሹን አደረገ» አለ። ሽማግሌ ነውና ታገሠው። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን እልል ብያለሁ፤ የጎረቤቴ ሠራተኛ ልጄ ሊያገባ መስሏት መጣች።

ናኢፍ ዝም ማለቱ ለምን ይገርምሃል? ላንተ ሠላሳ ሰባት ዓመት የፈጀብህን እሱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰው? ሰው ላክበት። ልመናህ ስለ መሬት ሳይሆን አባቱ መቃብር ላይ ለመቆም ይሁን።

እዚህ ሆቴሉ ጭር ብሏል። ልዑካኑ ሊፈራረሙ ስለሆነ አሁን ሥራው የጸሐፊዎች ነው ይላሉ። ጠረጴዛዎቼ ሁሉ ነጭ ናቸው። ደስም አለኝ፣ ናፈቁኝም።

ጉልበቴ ባይዘኝ አሥራ አንደኛው እኔ እሆን ነበር።

ፍሬሃ


ታልሜ አሼር፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1995

ለተወደድሽው እትዬ ፍሬሃ፣ ከስርየት ቀን በፊት የጻፍኩልሽ፣

በቃልም በዝምታም አስቀይሜሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ፤ እኔም በሙሉ ልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። ጾሙ ይቅለልልሽ።

ባለፈው ሐሙስ ሹማምንቱ በሩቅ አገር ሲፈርሙ በሬዲዮ ሰማሁ። ወረቀቱ ብዙ መቶ ገጽ ነው አሉ። የኛ አርባ እርምጃ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለች አላውቅም፤ ጭራሽ ላትኖርም ትችላለች። ሬዲዮኑን ሳላጠፋ ተነሥቼ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ናኢፍ የላክሁበትን ሰው ውሃ አጠጥቶ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ ሲሸኘው «ይምጣ» ብቻ ብሎት ነበር።

አርብንና ቅዳሜን እየዞርኩ ለመንኩ። አንዳንዱ እሺ አለ፣ አንዳንዱ ሚስቱን ልጠይቅ አለ፣ አንዱ ደግሞ በእግሬ እንድራመድ ሐኪም አዝዞኛል ብሎ መጣ። ዛሬ ጠዋት ምኩራቡ በር ላይ ስንቆም ከኔ ሌላ ዘጠኝ ሰው ነው። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ልንበተን ስንል ፕሮስፔር ቡዛግሎ የሰንበት ባርኔጣውን አድርጎ ብቅ አለ።

«ላንተም ለዐረቡም አልመጣሁም» አለኝ። ከኦገስት ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። «እኔ በር ላይ ከቆምኩ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት አሥር ሳይሞላ የተበተነ ሰው የለም። ዛሬም አይበተንም። ቅደም።»

ነጭ ሸሚዝ ለብሰን በሰልፍ ቁልቁል ወረድን። ያላሰብኩት ነገር ምን መሰለሽ? በነሱም ወግ በዳይ የተበደለውን ቤት ሲለምን የተከበሩ ሰዎችን አሰልፎ ነው የሚመጣው፤ እንዲህ ያለውን ሽምግልና ደግሞ ተቀምጠው አይቀበሉም። ሸለቆውን እስክንሻገር የመንደሩ ሽማግሌዎች በናኢፍ በር ላይ ተሰልፈው፣ ወንበር ተደርድሮ፣ መራራ ቡና ተቀድቶ ጠበቀን። ሲኒው ፊታችን ተቀመጠ። ልመናው መልስ እስኪያገኝ ሲኒ አይነሣም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ለፕሮስፔር ግን አልነገርኩትም። ተጠምቶ ነበርና አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

አንድ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ፕሮስፔርን ከላይ እስከ ታች አይተው «እንግዲህ የኚህ ጉዳይ ተፈጽሟል፤ የሌሎቻችሁን እንስማ» አሉ። ሳቁ ከነሱ ጀምሮ ወደኛ ተሻገረ። ተርጉሜ ስነግረው ፕሮስፔር ባርኔጣውን አስተካክሎ «ቡናው ግን ጥሩ ነው በልልኝ» አለ።

ሳቁ ሲበርድ ልመናዬን አቀረብኩ። ናኢፍ ቆሞ ነበር የሰማኝ።

«ያን ቀን አባቴ ከማሳ ገብቶ ሰብስቦን ነበር» አለ። «‹ሰውዬው ራሱን በገዛ አፉ አስሯል፤ ማሰሪያውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ማንም ድንጋይ እንዳይወረውርበት› አለን። በየዓመቱ ዘይት ይዞ የሚመጣው ይቅር በለኝ ብለህ እንድትጠይቀው ነበር። በመጣ ቁጥር ‹ዘንድሮም አልጠየቀኝም› እያለ ይመለስ ነበር።»

አቀርቅሬ ቆምኩ።

«እሱ ሊለቅህ አሥራ አራት ጊዜ መጥቷል» አለ ናኢፍ። «እኔ ምን ቤት ነኝ የምከለክልህ? ጠጡ።»

ጠጣን። ለፕሮስፔር ሁለተኛ ቀዱለት።

መቃብሩ ከመንደሩ በላይ ነው፤ ድንጋዩ ዝቅ ያለና በኖራ የተለሰነ፣ የናኢፍ እጅ ሥራ። አሥሩ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። ናኢፍና አዛውንቱ ከበስተጀርባ ናቸው። እኔ ቁመቴን ያህል ራቅ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ በዕብራይስጥ ሳጠናው ያደርኩትን ትቼ፣ በድምፄ ሁሉ፣ እናቶቻችን ባስተማሩን ዐረብኛ እንዲህ አልኩ፦ «የእስራኤልን አምላክና አንተን ሐጅ ዙህዲን በድያለሁ። በርሜሉ እኔ የማልኩበት ቦታ አልነበረም።»

ያጎትሽ ልጅ ሚሙን